ፊቴን ተውሰው የጋሼ ሷሊሕን እግር ለወሰዱ ሥራ አስኪያጅ

ሸዋ ሮቢት
ሚያዝያ 24 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ጀምበሬ
የሺህ ዓይን ዲጂታል ማርኬቲንግ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና በየኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው ለሚደክሙ ሠራተኞችዎ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ የተሟላ፣ ደምዎ የጠራ፣ የእጅም የእግርም ጣቶችዎ አንድ ሳይጎድሉ በየቦታቸው የሚገኙ እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። ነርስ ነኝና ሰላምታዬ ዝርዝር ቢበዛበት አይቀየሙኝ።

በስም አያስታውሱኝ ይሆናል፤ በመልክ ግን ከወለደችኝ እናት ይልቅ ያውቁኛል፤ ሦስት ወር ሙሉ ሸጠውኛልና። ሲስተር ጸደንያ የኋላሸት እባላለሁ። የዛሬ ዐሥራ አንድ ዓመት ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ ሸዋ ሮቢት ወረድኩ፤ እዚሁ በአንድ ጤና ጣቢያ የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማን ክትትል ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ድርጅትዎ ያደረገልኝን ውለታ በግል ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ለማመስገን ሞክሬ መልስ አላገኘሁም። “ዝም አይነቅዝም” የሚለው ተረት የቢሮዎ መመሪያ ሳይሆን አይቀርም ብዬ በማመን፣ ምስጋናዬ በአደባባይ ቢሆን ይሻላል አልኩ።

አንደኛ፣ ስለ ማዕረግ እድገቴ አመሰግናለሁ።

ባለፈው ኅዳር፣ የስኳር ሕመም ቀን በሚከበርበት ጠዋት፣ ነጭ ጋወኔን ለብሼና የስኳር መለኪያዋን በእጄ ይዤ ጤና ጣቢያችን ግቢ ውስጥ ፎቶ ተነሣሁ። ፎቶውንም በራሴ ገጽ ላይ አውጥቼ ከሥሩ “ስኳራችሁን ኑና ተለኩ፤ መርፌያችሁን አታቋርጡ” ብዬ ጻፍኩ። ሃያ ሰባት ሰው ወደደው፤ አብዛኞቹ ዘመዶቼ ናቸው። በታኅሣሥ ወር ግን ያው ፎቶ በእናንተ እጅ ተሞሽሮ ወጣ። በስኳር መለኪያዋ ፋንታ “ስኳር በቃ” የሚል ጠርሙስ አስጨበጣችሁኝ። ከኋላዬ የነበረውን የጤና ጣቢያውን የቆርቆሮ አጥር ነቅላችሁ የመስታወት ሕንጻ ተከላችሁልኝ። በልጅነቴ ወድቄ አገጬ ላይ የቀረችውን ጠባሳ እንኳ አላለፋችኋትም፤ ጠረጋችኋት። ከሥሩም “ዶክተር ጸደንያ፣ የስኳር ሕመም ስፔሻሊስት፣ የሃያ ዓመት ልምድ” ብላችሁ ጻፋችሁ። እኔ የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ነኝ፤ በእናንተ ስሌት ሕክምና የጀመርኩት በዐሥራ አራት ዓመቴ መሆኑ ነው።

ከሁሉ የደነቀኝ ግን የቋንቋ ችሎታችሁ ነው። እኔ “መርፌያችሁን አታቋርጡ” ብዬ የጻፍኩትን ሙሉ በሙሉ መለወጥ አላስፈለጋችሁም። አንዲት “ታ” ብቻ ነቀላችሁና “መርፌያችሁን አቋርጡ” አደረጋችሁት። የቀረው ሁሉ የእኔው ነው፤ ፊደሉም፣ ፊቱም፣ ስሙም። ከቃል ላይ አንዲት ፊደል በመንቀል ከሰው ላይ እግር መንቀል እንደሚቻል ያረጋገጠ ድርጅት ከእናንተ በፊት መኖሩን አላውቅም።

ሁለተኛ፣ መልእክቱን ለሚገባው ሰው ስላደረሳችሁ አመሰግናለሁ።

ድርጅታችሁ በገጹ ላይ “ትክክለኛውን መልእክት፣ ለትክክለኛው ሰው፣ በትክክለኛው ሰዓት” ብሎ ይፎክራል። እውነት ነው፤ ምስክሩ እኔ ነኝ። ትክክለኛው ሰው ጋሼ ሷሊሕ ይባላሉ። እዚሁ ቀወት ወረዳ ውስጥ ማሾና ማሽላ የሚያርሱ የስድሳ ሁለት ዓመት ሰው ናቸው። ሰባት ዓመት ሙሉ ኢንሱሊን ሲወጉ አንድ ቀጠሮ አላጓደሉም። በዚያ ቆላ ሙቀት ማቀዝቀዣ የላቸውምና መድኃኒታቸውን እርጥብ አሸዋ ላይ ባስቀመጧት ትንሽ እንስራ ውስጥ ያኖሩታል፤ አሸዋውን ጠዋትና ማታ በገዛ እጃቸው ውሃ ያጠጡታል። አዲስ ሕመምተኛ ሲመጣብኝ “ሂድና የጋሼ ሷሊሕን እንስራ እይ” ብዬ እልክ ነበር።

ልጃቸው ሐቢባ ዋናው መንገድ ዳር ማሾ ትነግዳለች፤ ጥሩ ስልክ አላት። አንድ ቀን አባቷን ለመንከባከብ ብላ “የስኳር ሕመምተኛ ምን ይብላ” ብላ ስልኳን ጠየቀች። የጠየቀችው ስልኳን መስሏት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ዜና ስትከፍት እኔ፣ መንዙማ ስትከፍት እኔ፣ የልጆች ልብስ ስትፈልግ እኔ፣ ጠርሙሴን ይዤ ብቅ እል ጀመር። እሷ የነገረችኝን እንዳለ ልጻፍልዎ።

“አባ፣ ይቺን እይማ” ብላ ስልኩን ሰጠቻቸው።

ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት። “ሲስተር አይደለችም እንዴ?”

“እሷው ናት። አሁንማ ዶክተር ሆናለች።”

“ማሻአላህ! ይገባታል” አሉ።

ይህችን “ይገባታል” ሌሊትም ቀንም ከጆሮዬ አላወጣኋትም፣ አቶ ጀምበሬ። ሰውየው በእኔ እድገት ተደስተው ነው ወደ ወጥመዳችሁ የገቡት። ጠርሙሱ በአውቶቡስ ተልኮላቸው መጣ። ማስታወቂያችሁ “ክትትል አያስፈልግም” ይል ነበርና በጥር ወር ቀጠሯቸው ቀሩ። “እሷ ካለች አለች ነው” ብለው፣ እኔን አምነው፣ እኔን ለመጠየቅ አልመጡም።

እዚህ ላይ የእኔንም ጥፋት ልናገር። የቀጠሮ ካርዳቸው ሳይነሣ ሳጥኑ ውስጥ መቅረቱን አይቻለሁ። የማሾ መውቂያ ጊዜ ነው፣ ሥራ ይዟቸው ይሆናል አልኩና አልደወልኩም። ይህን ጥፋት ለእናንተ አላካፍልም፤ የብቻዬ ነው። ሌላውን ግን እስከ መጨረሻዋ ቅንጣት እመልስላችኋለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ የካቲት ሰባት።

የዚያን ቀን ረፋድ ላይ አንድ ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ ግቢያችን ገባ። ሐቢባ ከኋላ ወንበር የአባቷን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ትጮሃለች። ጋሼ ሷሊሕ ሲተነፍሱ ከሩቅ ይሰማል፤ ከአፋቸው የሚወጣው ሽታ የበሰበሰ ፍሬ ይመስላል። መለኪያዋን ጣታቸው ላይ ሳደርጋት ቁጥር አልሰጠችኝም፤ ከአቅሜ በላይ ነው አለች። የግራ እግራቸው ደግሞ በጨርቅ ተጠቅልሏል። የማሽላ አገዳ ጉቶ ወግቷቸው ኖሯል። በጤናማ ጊዜያቸው በሳምንት የሚድን ቁስል ነበር፤ ሃያ አንድ ቀን ያለ መርፌ የቆየ ገላ ላይ ግን ጠቁሮ እስከ ቁርጭምጭሚት ወጥቶ ነበር።

“ለምን መርፌውን አቆሙ?” ብዬ ሐቢባ ላይ ጮኽኩባት።

ቀና ብላ አየችኝ። ቦርሳዋን ከፍታ ጠርሙሱን አውጥታ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠችው። ቀጥሎ ስልኳን ከፍታ ፊቴን አሳየችኝ። ራሴን አየሁት። ጠባሳ የሌለባት እኔ፣ በመስታወት ሕንጻ ፊት ቆማ ትስቅብኛለች።

ፈሳሽ ሰጥተን፣ ኢንሱሊን ጀምረን፣ በአምቡላንስ ወደ ደብረ ብርሃን ሪፈር ስናደርጋቸው አብሬ ሄድኩ። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ብርዱ ሲነካቸው ዓይናቸውን ገለጡ። ማን መሆኔን ለመለየት ትንሽ ጊዜ ወሰደባቸው።

“ሲስተር” አሉኝ፣ “ያልሽኝን አደረግሁ።”

ይኸው ነው ያሉት። ቁጣ የለበትም፤ ወቀሳም የለበትም። እንደ ታዛዥ ተማሪ ነው የነገሩኝ። በዐሥራ አንድ ዓመት ሥራዬ ብዙ ሰው ሲያልፍ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቃል ያጎበጠኝ ግን የለም።  እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ እጃቸውን ይዤ ሄድኩ። ሕይወታቸው ተረፈ፤ የግራ እግራቸው ከቁርጭምጭሚት በላይ ተቆረጠ።

አራተኛ፣ ስለ ደንበኛ አገልግሎታችሁ።

በማግስቱ ማስታወቂያው ሥር “ሴትዮዋ እኔ ነኝ፤ ዶክተር አይደለሁም፤ ይህን መድኃኒት አላውቀውም፤ መርፌያችሁን እንዳታቆሙ” ብዬ ጻፍኩ። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ጠፋ። ደግሜ ጻፍኩ፤ ከእንግዲህ እንዳልጽፍ ታገድኩ። ሰው ከገዛ ፊቱ ሲታገድ ምን እንደሚሰማው ታውቁ እንደሆን እንጃ። ማስታወቂያው የሚታይበት መድረክ ባለቤቶች ባሕር ማዶ ስለሆኑ ለእነርሱም አመለከትኩ። የመጣልኝ መልስ በማሽን የተተረጎመ አማርኛ ስለነበር እስካሁን ትርጉሙ አልገባኝም። ገጻችሁን ደጋግሜ በመክፈቴ ግን ለነገሩ ፍላጎት እንዳለኝ ተመዘገበልኝና በራሴ ስልክ ላይ ራሴን ለራሴ ስትሸጡልኝ ከረማችሁ።

በመጋቢት መጀመሪያ ጋሼ ሷሊሕ ከሆስፒታል ተመልሰው ቁስላቸውን እኔ ዘንድ ያሳጥቡ ጀመር። አንድ ቀን ፋሻቸውን እየፈታሁ ሳለ ትዕግሥቴ አለቀና ስልኬን ጆሮና ትከሻዬ መካከል ይዤ ነጻ የምክር መስመራችሁ ላይ ደወልኩ። አንዲት ድምጿ ማር የሆነ ልጅ አነሣች።

“ዶክተር ጸደንያን ፈልጌ ነበር” አልኳት።

“ዶክተር ጸደንያ አሁን ከታካሚ ጋር ናቸው” አለችኝ።

እውነቷን ነው። ከታካሚ ጋር ነበርኩ፤ የቆረጣችሁትን እግር እያጠብኩ።

“ሲጨርሱ ይደውሉልኝ” አልኩና ዘጋሁ። ጋሼ ሷሊሕ “ማን ናት?” አሉኝ። “እኔ ነኝ” አልኳቸው። መጀመሪያ ግራ ተጋቡ፤ ነገሩ ሲገባቸው አልጋው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እግራቸው ከተቆረጠ ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ነው። ለዚያችም ሳቅ አመሰግናለሁ።

አምስተኛ፣ ስለ ስሜ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእኔ ግን ገና በቁሜ ተቀበረ። የጤና ጣቢያችን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ለማ ጠርተውኝ ያለ ፈቃድ ማስታወቂያ ሠርተሻል ብለው ማስጠንቀቂያ በማኅደሬ ውስጥ አስገቡ። ገበያ ስወጣ ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይንሾካሾካሉ። ሐቢባ ሰላምታዬን መመለስ ተወች።

ቁጥሬን እዚህ ላይ ላቁም። ከዚህ በኋላ ያለው እናንተ ያደረጋችሁልኝ ሳይሆን እኔ ያደረግሁላችሁ ነው።

ሐቢባን ቤቷ ሄጄ በራፏ ላይ ቆምኩ። የኅዳሩን ፎቶ በስልኬ ከፍቼ ከእናንተው ጎን አስቀመጥኩላት። “አታቋርጡ” የሚለውን ጮክ ብላ አነበበች። “አቋርጡ” የሚለውንም አነበበች። ከዚያ ጣቷን አገጬ ላይ አድርጋ ጠባሳዬን ነካችው።

“ግቢ” አለችኝ። “ምን እናድርጋቸው?”

ነጋዴ ናትና የነጋዴ ሕመም የት እንዳለ ታውቃለች። “ሰውየውን አትስደቢው” አለች፤ “ደንበኞቹን ፈልጊ።” ገጻችሁ ላይ “አብረውን የሚሠሩ” በሚል ኩራት የሠላሳ አንድ ድርጅቶችን አርማ ደርድራችኋል። አራት እሑድ ከሐቢባ ጋር የማሾ ከረጢት ላይ ተቀምጠን ለሠላሳ አንዱም ጻፍን። በእያንዳንዱ ፖስታ ውስጥ ሦስት ፎቶ ከተትን፤ የኅዳሩን፣ እናንተ የሞሸራችሁትንና የጋሼ ሷሊሕን እግር። ስድብ የለበትም። “ድርጅትዎ ከዚህ ሥራ አጠገብ ስሙ መጠቀሱን ያውቃሉ ወይ?” የሚል አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጻፍነው። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ሥራ ከመግባቴ በፊት ያንን ገጽ እከፍታለሁ። ሠላሳ አንዱ ሃያ አራት ሆነ። ሃያ አራቱ ዐሥራ ስድስት። ዛሬ ጠዋት ሰባት ነው። ሰው ጸሎቱን እንደሚያደርስ እኔ አርማችሁን እቆጥራለሁ፤ ደስታዬንም አልደብቅም።

በፍለጋዬ መካከል ሌሎች ፊቶችም አገኘሁ። ጣርማ በር ላይ ለመንገደኛ ቆሎ የሚሸጡት እትዬ ከበቡሽ በቆዳ ቅባት ማስታወቂያችሁ ላይ “ከመጠቀሟ በፊት” ተብለው ወጥተዋል። “ከተጠቀመች በኋላ” የተባለችዋን ሴት በሕይወታቸው አይተዋት አያውቁም። ስልኬን ተቀብለው ካዩ በኋላ “የኔስ ፊት ምን ሆነና ነው?” ብለው ጠየቁኝ። ይህንን ጥያቄ ለእርስዎ አደርሳለሁ ብዬ ቃል ስለገባሁላቸው አድርሻለሁ።

ከዚያማ ራስዎ መጡልን። መጋቢት 28 ቀን፣ ሙቀቱ በበረታበት እኩለ ቀን፣ በነጭ መኪና ጋሼ ሷሊሕ ቤት ድረስ ወረዱ። ስለ አክብሮትዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ በተለይ ለስኳር ሕመምተኛ ቤት ኬክ ይዘው ስለመጡ። እኔም ተጠርቼ ስደርስ ፎቶዬን በፈቃዴ እንደሰጠሁ የሚያረጋግጥ ወረቀት እንድፈርም አወጡ፤ ቀኑም ወደ ኋላ ተመልሶ ታኅሣሥ 1 ተብሎ ተሞልቶ ነበር። ቀጥለው የተናገሩትን ያስታውሱታል ብዬ እገምታለሁ።

“አባቴ፣ እኛ እኮ መድኃኒት አንሠራም። ማስታወቂያ ብቻ ነው። ለማን እንደሚታይ የሚመርጠው ሲስተሙ ነው።”

ጋሼ ሷሊሕ በጥሞና አዳመጡና “ይሄ ሲስተም የምትለው ሰውዬ አብሮህ አልመጣም?” አሉ። “እሱን ነበር ማግኘት የምፈልገው።”

እርስዎ ፈገግ ለማለት ሞከሩ። እሳቸው ግን አልቀለዱም ነበር።

“እናት አለችህ?”

“አለችኝ።”

“ስኳር አለባት?”

 ኬኩን አዩ፣ መሬቱን አዩ። “አለባት” አሉ።

“ታዲያ ይቺን ጠርሙስ ትጠጣለች?”

 ላብዎ በአገጭዎ ወርዶ ወረቀቱ ላይ ጠብ ሲል ሁላችንም አየነው።

“እንኳን አልጠጣች” አሉ ጋሼ ሷሊሕ። “አላህ ያቆይልህ። እኔ አውፍ ብያለሁ። ወረቀትህን ይዘህ ግባ።”

በዚያ ቀን እየቀለለዎት እንደሄዱ ከአረማመድዎ ተረድቻለሁ። ጉዳዩ ያለቀ መስሎዎታል። ስለዚህ የዚህ ደብዳቤ ዋና ቁም ነገር ይኸው ነው፤ ጋሼ ሷሊሕ ይቅር ብለዋል፣ እኔ ግን አላልኩም። ይቅር እንድል የሚመክሩኝ ብዙ ናቸው፤ ንስሐ አባቴም አሉበት። እሞክራለሁ ብያቸዋለሁ። ነገር ግን በየማለዳው ያንን እግር ሳጥብ ሙከራዬ ከፋሻው ጋር ተጠቅልሎ ይጣላል። ጠርሙሱን ለሚመለከተው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ልኬ አስመርምሬያለሁ፤ ስኳርና ቀለም ነው ተባልኩ። ደግሞ ስኳር! ክሱንም መሥርቻለሁ። እርስዎን የተዋጣለት የማስታወቂያ ሰው ካደረጉዎት ነገሮች ውስጥ አንዱ አለመታከትዎ ነው፤ ከእርስዎ ተምሬያለሁና አልታክትም። በከፈቱት ቦታ ሁሉ፣ በአዲስ ስምም ቢሆን፣ ይህ የእኔ ፊት ይከተልዎታል። ባለ ጠባሳው።

ለሥራዎ ቅጥ፣ ለደንበኞችዎ ማስተዋል፣ ለእናትዎ ደግሞ ሳይቋረጥ የሚወሰድ መርፌና ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ የክቡርነትዎን ውለታ በየዕለቱ የምታስታውስ፣ ያለ ፈቃዷ የሾሟት፣ ያለ ፈቃድዎ ሹመቱን የመለሰች፣

ሲስተር ጸደንያ የኋላሸት
ነርስ (ዶክተር አይደለሁም)

ግልባጭ፦
ለቀሩት ሰባት ደንበኞችዎ
ለእትዬ ከበቡሽ፣ ጣርማ በር
ለአቶ ለማ፣ ማስጠንቀቂያውን ከማኅደሬ ለማውጣት ጊዜ ሲያገኙ

ማሳሰቢያ፦ ችሎቱ ግንቦት 14 ቀን ጠዋት በሦስት ሰዓት ነው። ጋሼ ሷሊሕ ለመመስከር ይመጣሉ። “አውፍ አላሉም ወይ?” ብዬ ስጠይቃቸው “አውፉ የእኔ ነው፤ ሐቁ ግን የሕዝብ ነው” አሉኝ። ችሎቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መሆኑን ነግሬያቸው ቃልዎን በጽሑፍ ይስጡ ብላቸው እምቢ አሉ፤ በክራንች ደረጃ መውጣት በየቀኑ እየተለማመዱ ነው። እባክዎ ትንሽ ቀደም ብለው ይድረሱና ደረጃው ራስ ላይ ቆመው ሲወጡ ይመልከቷቸው።